መብራት ሲመጣ የተበጠሰ ፊልም

መብራት ሲጠፋ ፊልሙ ምንም አልሆነም። የተበጠሰው መብራት ሲመጣ ነው።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነበር። ቤት ውስጥ የገጣጠምኩት ስካነር አንድ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ፍሬም በፍሬም እያነሳ ነው። የጎንደር ጥምቀት ነው፤ ጥላ የዘረጉ ካህናት፣ ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርድ ሕዝብ። ሪሉ 400 ጫማ ነው፣ ሌላ ቅጂ የለውም፣ ባለቤቱም አደራ ብሎ ነው የሰጠኝ። መብራት ድርግም አለ። በስልኬ ብርሃን ሳየው ፊልሙ ላላ ብሎ ተንጠልጥሏል፣ አንድም ጉዳት የለበትም። እፎይ ብዬ ተቀመጥኩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መብራት መጣ። ወዲያው «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ፊልም መበጠሱ ብርቅ አይደለም፤ ይቀጠላል። እንቅልፍ የነሳኝ ሒሳቡ ነው። ያለፈውን ፊልም የሚጠመጥመውን ተቀባይ ሪል የሚያዞረው ሞተር ሙሉ ኃይል ቢሰጠው እንኳ በባዶ ሪል ላይ የሚጎትተው 420 ግራም ብቻ ነው፤ ለክቼዋለሁ። አሲቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ደህና ፊልም ደግሞ በዚህ ስፋቱ ከ10 ኪሎ በላይ ይሸከማል። ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይጎትት ሞተር ይህን እንዴት በጠሰው? አሮጌ ቅጥያው ላይ ነው የተበጠሰው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ እውነትም እዚያው ላይ ነው። ግን ያ ቅጥያ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ፍሬሙ በሚነሳበት መስኮትና ፊልሙን በሚያራምደው ጎታች ዘንግ በኩል በሰላም አልፏል። ደካማ መሆኑ ብቻ መልስ አይሆንም።

ሞተሩ የሚያውቀውና ፊልሙ የሚሰማው

በዚህ ማሽን ፊልሙን የሚያራምደው መሐል ላይ ያለው ጎማ የለበሰ ጎታች ዘንግ ነው፤ እሱን ስቴፐር ሞተር፣ ማለትም በተቆጠረ እርምጃ የሚዞር ሞተር፣ ያዞረዋል። ሁለቱ ሪሎች ላይ ያሉት የዲሲ ሞተሮች ፊልም የማራመድ ሥራ የላቸውም። ሰጪው በቀስታ ወደ ኋላ፣ ተቀባዩ በቀስታ ወደ ፊት እየጎተቱ ፊልሙን ወጥረው ይይዛሉ። ፊልሙ ሲላላ መስኮቱ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለማይቀመጥ የፍሬሙ አንዱ ጠርዝ ከፎከስ ይወጣል፤ ሲበዛበት ደግሞ ጎማው ላይ ይንሸራተታል። ለ16 ሚሊ ሜትር እኔ የምይዘው 80 ግራም ነው። ለተጎዳ ፊልም ወደ 50 አወርደዋለሁ።

ጥርስ ባለው ጎማ ፈንታ ለስላሳ ጎማ የመረጥኩት አሮጌ ፊልም ስለሚኮማተር ነው። 100 ፍሬም ቆጥራችሁ በማስመሪያ ለኩት፤ አዲስ ፊልም 762 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። 755 ካገኛችሁ ወደ 1 በመቶ ተኮማትሯልና ጥርሱ የጎን ቀዳዳዎቹን መቅደድ ይጀምራል። ጥርሳም ጎማ ለሚመርጥ ሰው ግን አንድ ወጥመድ ልጠቁም፦ ስቴፐሩ እርምጃው በ16 ሲከፋፈል በዙር 3200 ይሰጣል፤ ለ12 ጥርስ ሲካፈል 266 ከ2/3 ይመጣል። ኮዱ ክፍልፋዩን ከጣለው በ4000 ፍሬም ውስጥ 10 ፍሬም ያህል ይሳሳታል። ባለ 8 ጥርስ ከሆነ እኩል 400 ነው፤ ጣጣ የለውም።

ወደ ሪሎቹ እንመለስ። ሞተር የሚያውቀው መጠምዘዝን ነው፤ ፊልም የሚሰማው ግን ጉተታን። ጉተታው የመጠምዘዝ ጉልበቱ ለራዲየሱ ሲካፈል ነው። የእኔ ሪል እምብርቱ ላይ ራዲየሱ 30 ሚሊ ሜትር ነው። 0.15 ሚሊ ሜትር የሚወፍር 122 ሜትር ፊልም ሲጠመጠምበት ወደ 82 ይደርሳል። ስለዚህ ለሞተሩ አንድ ዓይነት ኃይል ሰጥታችሁ ብትተዉት፣ ሰጪው ሪል ሙሉ ሆኖ ሲጀምር 80 ግራም የነበረው ጉተታ ሪሉ ሲያልቅ ከ210 ግራም በላይ ይሆናል። ብዙ ሰው «ፊልሙ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ይበጠስብኛል» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ መጨረሻው ከመጀመሪያው የባሰ አርጅቶ አይደለም።

መድኃኒቱ ራዲየሱን ማወቅ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ተጨማሪ መለኪያ አያስፈልግም። ሪሉ ላይ አንድ ማግኔት አጣብቁ፣ ከአጠገቡ ማግኔት ሲያልፍ የሚያውቅ የሆል ሴንሰር አድርጉ፣ ሪሉ አንድ ዙር እስኪጨርስ ስንት ፍሬም እንዳለፈ ቁጠሩ። ቁጥሩን በ1.213 ስታባዙት ራዲየሱ በሚሊ ሜትር ይመጣል፤ 7.62 ለ2 ፓይ ተካፍሎ ማለት ነው። ባዶ ሪል 25 ፍሬም ገደማ ይቆጥራል፣ ሙሉው 68 ገደማ። የሞተሩን ኃይል ከዚህ ቁጥር ጋር አብሮ ማሳደግና መቀነስ ብቻውን አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ይህን ሳያደርጉ ስለ ፒአይዲ፣ ስሕተቱን እያየ ኃይሉን ስለሚያስተካክለው የኮድ ዘዴ፣ መጨነቅ ድካም ነው።

ፌስታልና ስሪንጅ

ታዲያ ስንት በመቶ ኃይል 80 ግራም ይሆናል? ይህን ከሞተሩ ወረቀት ላይ ማግኘት አይቻልም፤ በተለይ ሞተሩ ከሞተ ፕሪንተር የተፈታ ከሆነ ወረቀቱም የለም። የምሠራው እንዲህ ነው፦ ባዶውን ሪል ሞተሩ ላይ እሰካለሁ፣ እምብርቱ ላይ ክር እጠመጥማለሁ፣ ከክሩ ጫፍ ትንሽ ፌስታል አንጠለጥላለሁ። ከመድኃኒት ቤት በተገዛ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ አራት ጊዜ ውኃ እጨምርበታለሁ፤ 80 ሚሊ ሊትር ውኃ 80 ግራም ነው፣ ፌስታሉ ከቁጥር አይገባም። ከዚያ ኃይሉን ቀስ እያልኩ ከፍ አደርጋለሁ። ፌስታሉ መውጣት የጀመረበትን መቶኛ እጽፋለሁ። አሁን ደግሞ ዝቅ እያደረግሁ መውረድ የጀመረበትን።

በእኔ ሞተር የወጣው በ24፣ የወረደው በ14 ነው። መሐሉ 19 እውነተኛው ጉልበት ነው፤ ግራና ቀኝ ያለው 5 ደግሞ ፍትጊያ ነው። ይህ ፍትጊያ የሚባለው ነገር ዋናው ዳኛ ነው። ቀደም ብዬ የሞከርኩት በ1 ለ50 ማርሽ የሚሠራ ሞተር ፌስታሉን በ60 በመቶ አነሳው፤ ኃይሉን ዜሮ ሳደርገው ግን አልወረደም፣ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። እንዲህ ያለ ሞተር ጉልበተኛ ቢመስልም ውጥረት መጠበቅ አይችልም፤ ፊልሙ ወደ ኋላ ሲስበው አይሰማውምና። ማርሹ ከ1 ለ5 የማይበልጥ፣ ዘንጉን በሁለት ጣት ስታዞሩት ያለ ግብግብ የሚዞር ሞተር ፈልጉ። ከፕሪንተር ስትፈቱት ጀርባው ላይ ያለችውን በቀጫጭን መስመር የተሸነሸነች ግልጽ ዲስክ ከነዳሳሿ አትጣሏት። ኋላ ትፈለጋለች።

ለሞተሩ ኃይል ስለሚያቀብለው ማዘዣ ባጭሩ፦ ኤል298 የሚባለው ሰሌዳ 2 ቮልት ያህል ራሱ ይበላል፣ ይግላልም፤ በሞስፌት የሚሠራ ይሻላል። ማዘዣው ኃይሉን የሚመጥነው ቶሎ ቶሎ እያበራ እያጠፋ ነው፤ የዚህን ድግግሞሽ ወደ 20 ኪሎ ኸርዝ ካላወጣችሁት ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ትንኝ ይጮህባችኋል።

እስክስታ ወራጁ ክንድ

ፊልሙ በየሪሉና በመሐሉ ጎማ መካከል በአንዲት ተወዛዋዥ ክንድ ጫፍ ላይ ባለች ጎማ ዞሮ ያልፋል። ክንዷ በስፕሪንግ ተይዛለች፤ ፊልሙ ሲወጠር ወደ አንድ ወገን፣ ሲላላ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ፈረንጆቹ ጨፋሪ ብለው ነው የሚጠሯት፤ በእኛ አገር እስክስታ ወራጅ ብንላት አይበዛባትም፣ ትከሻዋ ነውና የሚያወራው። ሥሯ ላይ ያለ ፖቴንሾሜትር ወይም ማግኔት የሚያነብ ሴንሰር አቅጣጫዋን ማሽኑን ለሚያዝዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ለአርዱዊኖው፣ ይናገራል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይሳሳታል። አንደኛው፣ ፊልሙ ጎማዋን ግማሽ ዙር ከዞረ ሁለቱም ወገን ስለሚጎትት ስፕሪንጉ መያዝ ያለበት እጥፉን ነው፤ ለ80 ግራም ውጥረት 160 ግራም። ሁለተኛው የስፕሪንጉ ጠባይ ነው። አጭርና ጠንካራ ስፕሪንግ ክንዷ ትንሽ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ጉልበቱን ይለዋውጣል። ረጅምና ለስላሳ ውሰዱ፦ መሐል ላይ 60 ሚሊ ሜትር ተስቦ የሚቀመጥ ከሆነ በ10 ሚሊ ሜትር መወዛወዝ ውጥረቱ የሚለዋወጠው በ17 በመቶ ብቻ ነው። በስፕሪንግ ፈንታ ክብደት ማንጠልጠል የሚቀል ይመስላል፤ ግን ክብደት ሲነጥር ፊልሙንም ይዞ ይነጥራል።

መንቀጥቀጧን ለማብረድ በስሪንጅ ፒስተን ሞክሬ ነበር። ላስቲኩ እየያዘ እየለቀቀ ጭራሽ አባሰው። የሠራው ከሞተ ሃርድ ዲስክ የወጣ ማግኔት ነው፤ ክንዷ ላይ ቀጭን የአሉሚኒየም ቁራጭ አስሬ በማግኔቱ ፊት ሳይነካው እንዲያልፍ አደረግሁ። አሉሚኒየም በማግኔት አይሳብም፤ ሲንቀሳቀስ ግን ውስጡ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ይገታዋል። ቆሞ ሳለ ፍትጊያ የለው፣ ሲፈጥን ይይዘዋል።

በበጋ ደግሞ የጎንደር ደረቅ አየር የራሱን ይጨምራል። ፊልሙ ሲፈታ በስታቲክ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ይነጥቃል፤ ያረጀ የቴፕ ቅጥያ ሙጫው ወጥቶ ከላይኛው ዙር ጋር ሲያያዝም እንዲሁ። ክንዷ እነዚህን ንጥቂያዎች ትውጣለች። ጎማዎቹ የሚዞሩበትን ብረት ከመሬት ሽቦ ጋር ማገናኘት ስታቲኩን በግልጽ ይቀንሰዋል።

ያቺ ሩብ ሰከንድ

እንግዲህ ያ ሁሉ ተሠርቶ ነበር። ራዲየሱ ይቆጠራል፣ ፌስታሉ ተመዝኗል፣ ክንዷ እስክስታዋን ትወርዳለች። ፊልሙ ግን ተበጠሰ።

ደጋግሜ የፈተንኩት የበጠሰውን ኃይል ነው፤ ማየት የነበረብኝ የጨለማውን አምስት ደቂቃ ነው። መብራት ሲጠፋ ሞተሮቹ ለቀቁ። ስፕሪንጉ ክንዷን ስቦ ማቆሚያዋ ላይ አስቀመጣት። ተጠምጥሞ የኖረ ፊልም ደግሞ ራሱ ስፕሪንግ ነው፤ የሚይዘው ሲያጣ ሪሉን ግማሽ ዙር ያህል ፈታውና 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፊልም ተዘረገፈ። ያን ጊዜ እፎይ ያልኩት ይህንኑ አይቼ ነው።

መብራት ሲመጣ አርዱዊኖው ነቃ፣ ክንዷን አነበበ። «ላልቷል» አለችው፤ እውነቷን ነው። ኮዱ እንደ ታዘዘው ስሕተቱ ትልቅ ስለሆነ ትልቅ መልስ ሰጠ፦ መቶ በመቶ። ሪሉ የሚጎትተው ነገር ስለሌለ ፈጠነ። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 420 ግራም በ30 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ላይ 0.12 ኒውተን ሜትር ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ልል ፊልም፣ በዚያ ሰዓት 60 ሚሊ ሜትር በነበረው ራዲየስ፣ 3.3 ራዲያን መዞር ነው። ፍትጊያውን ትተን ስናባዛው 0.4 ጁል በሚዞረው ሪል ውስጥ ተጠራቀመ፤ ይህም የሆነው በሩብ ሰከንድ ነው። ልልነቱ ሲያልቅ ክንዷ ተወርውራ ሌላኛው ማቆሚያ ላይ አረፈች። ከዚያ በኋላ ያን ጉልበት ሊውጥ የቀረው ፊልሙ ራሱ ነው። ከጎማው እስከ ሪሉ ያለው 40 ሴንቲ ሜትር ፊልም አንድ ሚሊ ሜትር ለመለጠጥ 20 ኒውተን ያህል ይጠይቃል። 0.4 ጁል በዚህ ላይ ሲያርፍ ጉተታው ወደ 126 ኒውተን ይወጣል፤ 13 ኪሎ ገደማ።

420 ግራም የሚጎትት ሞተር 13 ኪሎ መታ። ይህን ወረቀት ላይ ሳየው ብዙ ቆየሁ። ስለ ውጥረት ስጨነቅ የከረምኩት ውጥረት ፊልም ይበጥሳል ብዬ ነው። የተወጠረ ፊልም ግን ሞተሩ ካለው በላይ ሊጎተት አይችልም፤ ሞተሩ ጉልበት የሚያጠራቅምበት ቦታ የለውም። ቦታውን የሚሰጠው ልልነቱ ነው። መዶሻ ሚስማር ላይ ተደግፎ ቢጫን አያስገባውም፤ ከፍ ብሎ ሲወርድ ነው የሚያስገባው። ማሲንቆ የሚቃኝ ሰውም የላላውን ጭራ በአንድ ጊዜ አይጠመዝዝም፤ መጀመሪያ ልልነቱን ይሰበስባል፣ ድምፅ መስጠት ሲጀምር ነው ማጥበቅ የሚጀምረው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለሻሽ ነው፤ ለፊልምም አልቀረም።

ኮዱ ላይ የተለወጠው

የመጀመሪያው ሐሳቤ ሲነሳ ኃይሉን ዝቅ ማድረግ ነበር። ይረዳል፣ ግን የሚመስለውን ያህል አይደለም። ምቱ የሚቀንሰው በጉልበቱ ስኩዌር ሩት ነውና ጉልበቱን ወደ ሩብ ብታወርዱት ምቱ በግማሽ ብቻ ይቀንሳል። ላልቶ የተገኘ ፊልም ሲሰበሰብ መገደብ ያለበት ፍጥነት ነው። ከፕሪንተሩ የወጣችው ዲስክ እዚህ ትገባለች፦ ሪሉ በ10 ሰከንድ ከአንድ ዙር በላይ እንዳይዞር ትቆጥራለች። በዚህ ፍጥነት ሙሉ ሪል እንኳ ቢሆን የመጨረሻው ምት ከግማሽ ኪሎ በታች ነው፤ እሱንም ክንዷ ትውጠዋለች።

አሁን ማሽኑ ሲነሳ ውጥረት የሚባል ነገር አያውቅም። መጀመሪያ የመሐሉ ስቴፐር ኃይል አግኝቶ ይቆልፋል። ቀጥሎ ሰጪው ሪል ብቻውን በዝግታ ልሉን ይሰበስባል፤ ክንዱ መሐል ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ተቀባዩ እንዲሁ። ሁለቱም ክንዶች ለ2 ሰከንድ መሐል ላይ ከቆዩ በኋላ ነው ፒአይዲው የሚጀምረው፤ የተጠራቀመው ስሕተትም ከዜሮ። ሲጀምርም ሥልጣኑ የተወሰነ ነው፦ በራዲየሱ ከተሰላው ኃይል ላይ 20 በመቶ መጨመር ወይም መቀነስ ብቻ። ክንዷ ምን ብትጮህ መቶ በመቶ የሚባል ትእዛዝ የለም። ሥራ ላይ ሳለ ክንዷ ማቆሚያ ላይ ከአንድ አምስተኛ ሰከንድ በላይ ከቆየች ሁሉም ይቆምና ከዝግታው እንደገና ይጀመራል።

ለጨለማው ደግሞ በየሞተሩ አንድ ሪሌ፣ በኤሌክትሪክ የሚሳብ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አለ። መብራት ሲኖር ሪሌው ተስቦ ሞተሩን ከማዘዣው ጋር ያገናኛል፤ ሲጠፋ ይለቅና የሞተሩን ሁለት ሽቦ እርስ በርስ ያያይዛል። እንዲህ የተያያዘ ሞተር ሲዞር ራሱን ይገታል፤ ሪሉ በነጻ አይፈታም። ይህ የሚሠራው ግን መዞር ካለ ብቻ ነው። በጣም በዝግታ የሚፈታውን አይዝም፤ ስለዚህ ሪሉ ሥር ትንሽ የሱፍ ጨርቅ አስገብቼ የ10 ግራም ያህል ፍትጊያ ጨምሬበታለሁ። ያቺ 10 ግራም በምዘናው ላይ ትገባለች።

«ባትሪ አድርግበትና ተገላገል» ያሉኝ አሉ። አድርጌያለሁ፤ የሞተር ሳይክል ባለ 12 ቮልት ባትሪ በ13.6 ቮልት እየሞላ ይቆማል። 16000 ፍሬም በሰከንድ 5 እየተነሳ 53 ደቂቃ ይፈጃል፤ ያን ያህል ጊዜ መብራት ላይቋረጥ ይችላል ብሎ መወራረድ ለአደራ ዕቃ አይሆንም። ግን ባትሪው የራሱ ነገር አለው። መብራት ሄዶ ወደ 12 ቮልት ሲወርድ ሞተሩ በአንድ ዓይነት መቶኛ የሚሰጠው ጉልበት በ12 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ መቶኛውን ትቼ አይኤንኤ219 በምትባል ሴንሰር የሚያልፈውን አምፔር ወደ መጠበቅ ዞሬያለሁ፤ የሞተር ጉልበት የሚከተለው አምፔርን ነው። ከዚያም በላይ ልልነት የሚመጣው ከመብራት ጋር ብቻ አይደለም። ፊልም ሲጫን፣ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ቅጥያ መስኮቱ ላይ ሲይዝ ሁሉ ይመጣል። የዝግታው አነሳስ የተፈተነው ባትሪው ተነቅሎ ነው፦ ዋጋ የሌለው የፊልም መሪ፣ ከፊልም ፊት የሚቀጠለውን ባዶ ቁራጭ፣ ጭኜ ሶኬቱን 30 ጊዜ ነቅዬ ሰክቻለሁ። መሪው ፖሊስተር እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ፖሊስተር አይበጠስም፣ በእሱ ፈንታ ማሽኑን ነው የሚሰብረው፤ ፈተናውን ያለፋችሁ ይመስላችኋል።

የተበጠሰውን በቴፕ ቀጠልኩት። የጠርዙ ስብራት ቀጥ ያለ ስላልነበረ 2 ፍሬም መቆረጥ ነበረበት፤ አሁን በትንሽ ፖስታ ሆነው ከሪሉ ጋር ቆርቆሮው ውስጥ ተቀምጠዋል። ለብቻቸው አንስቼ ወደ ፋይሉ መልሻቸዋለሁ፤ ቀለማቸው ግን ከግራ ቀኙ ጥቂት ይለያል። አንድ ጥላ የያዘ ካህን ወደ ግራ ሲዞር፣ ለአንድ ሰከንድ አሥራ ሁለተኛ፣ ጥላው ደመቅ ብሎ ይመለሳል።